የአባት ቴፕ ከቁም ሳጥን ሲወጣ

ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ ወይም በዙሪያቸው ወዳሉት መንደሮች የገባ ሰው፣ ወላጆቹ ቤት ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ቴፕ አያጣም። ከጎኑ አንድ ካርቶን ካሴት አለ። ቤተሰቡ ተሰብስቧልና አንዱ «እስቲ እንሞክረው» ይላል። ስፒናውን ይሰካል፣ ከካርቶኑ የላይኛውን ካሴት አንሥቶ ይከታል። ቴፑ ጥቂት ያላዝንና ካሴቱን ይበላል። በዚያ ካሴት ላይ ያለው የአያት ድምፅ ከሆነ ሌላ ቅጂ የለውም።

ይህ መመሪያ ያ እንዳይደርስብዎ የተጻፈ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ የሌለው ሰው እቤቱ ሊሠራው የሚችለውን አሳይዎታለሁ፤ ለጠጋኝ የሚተወውንም ቦታው ላይ ስንደርስ እናገራለሁ። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። በተለይ የሚሳሱለት ካሴት ወደ ቴፑ የሚገባው ከ8ኛው ደረጃ በኋላ ነው።

1. ከካሴት ማጫወቻ ይጀምሩ

አሮጌ የድምፅ መሣሪያ መውደድ የጀመሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቡት ሸክላ ማጫወቻ ነው። እኔ በካሴት ይጀምሩ እላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቤትዎ ያለው ካሴት ነው። የሠርግ ጭፈራ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከው የድምፅ መልእክት፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የሚያጡት የጉራጊኛ ዘፈን፣ መንዙማውና መዝሙሩ የተቀዳው በካሴት ነው። ሸክላ ማጫወቻ ደግሞ መርፌ፣ ልዩ ማጉያና ትክክለኛ ሚዛን ይፈልጋል። ለጀማሪ ይከብዳል፤ መርፌውም በቀላሉ አይገኝም።

ቤት ውስጥ ቴፕ ከሌለና ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራና አካባቢውን ከመዞርዎ በፊት ዘመድ ይጠይቁ። ለቆራሌው ሊሰጥ የተዘጋጀ ደህና ሶኒ፣ ናሽናል፣ ፊሊፕስ ወይም ሳንዮ ከአጎት ቤት ሊወጣ ይችላል። ከሻጭ ሲገዙ አንድ የማይሳሱለት ካሴት ይዘው ይሂዱና ማጫወቻውን፣ ወደፊት ማሳለፊያውንና ማጠንጠኛውን ሦስቱንም እዚያው ያስሞክሩ። «ትንሽ ነገር ነው፣ ቺንጋ ብቻ ነው» ከተባሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን የማይሠራ ዕቃ ዋጋ መሆን አለበት።

ራዲዮውንም ይመልከቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቴፖች ኤፍ ኤማቸው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ደግሞ ከ66 እስከ 74 አካባቢ ናቸው። የእኛ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ የጃፓኑ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል፣ የሶቪየቱ ምንም አይይዝም። ጠጋኝ ጋ ቢሄዱ የሚስተካከል ብልሽት ስላልሆነ ለዚህ ገንዘብ አያውጡ። በካሴት ማጫወቻነቱ ግን ያው ነው።

2. ሳይሰኩ ጀርባውን ያንብቡ

ብዙ አሮጌ ዕቃ የሚቃጠለው በመጀመሪያው ሴኮንድ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ ዕቃ 120 ቮልት፣ የጃፓን የአገር ውስጥ ዕቃ 100 ቮልት ይፈልጋል። ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ሰሌዳ ይፈልጉ። «220» ወይም «220-240» ካለ ጥሩ ነው። 110፣ 127፣ 220፣ 240 ተብሎ በካቻቢቴ የሚዞር መምረጫ ካለ፣ 220 ላይ ወይም 240 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። «100» ወይም «120» ብቻ ከተጻፈ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ቢያንስ እጥፍ ይሁን። 100 ብቻ ለሚለው የጃፓን ዕቃ ግን 110 ራሱ ይበዛበታልና በትክክል 100 የሚያወጣውን ይፈልጉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ካለዎት ይጠቀሙ። ከሌለዎት መብራት በሄደ ቁጥር ስፒናውን ይንቀሉና ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሰኩ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።

ገመዱ የተላጠ፣ የደረቀ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ ሳይቀየር አይሰካም። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሠራ ለቆየ ቴፕ ደግሞ የመጀመሪያውን መሰካት ለጠጋኝ ቢተዉ እመርጣለሁ። ልምድ ያለው ጠጋኝ ባለ ክር አምፖል በመስመሩ መሐል አስገብቶ ይሞክረዋል። ቴፑ ውስጥ የተገናኘ መስመር ካለ አምፖሉ ይበራል እንጂ ቴፑ አይቃጠልም።

3. መሣሪያዎን ያሰናዱ

ሁሉም በየከተማው ይገኛል፤ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ትልቅና ትንሽ፣ ፒንሳ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሚከፈቱትን ብሎኖች የሚያስቀምጡበት ሲኒ፣ እና አልኮል። ፋርማሲ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ባለ 70 ከመቶ ነው። ቀሪው ውኃ ስለሆነ ጥጡን በደንብ ጨምቀው ይጠቀሙ፣ ከዚያም ይደርቅ። ባለ 90 ወይም ከዚያ በላይ ካገኙ የተሻለ ነው። ሽቶ፣ አረቄ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሽቶና አረቄ የሚያጣብቅ ነገር ትተው ይሄዳሉ፤ ቤንዚንና ጋዝ ደግሞ ፕላስቲኩንና ጎማውን ያበላሻሉ፣ እሳትም ናቸው።

የስልክዎን ካሜራ አይርሱ። አንድ ብሎን በፈቱ፣ አንድ ክዳን ባነሡ ቁጥር ፎቶ ያንሡ። መልሶ መግጠም ላይ ብዙ ሰው የሚጠፋው የቱ ሽቦ የት እንደነበር ስለሚረሳ ነው።

4. ውጭውንና የድንጋይ ቤቱን ያጽዱ

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያውጡ። በምድጃ ጭስ የኖረ የገጠር ቤት ቴፕ ከሆነ ሰውነቱ ላይ ቅባት ያለው ጥቀርሻ ይኖራል፤ ይህን ለብ ባለ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በተነከረና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ያንሡት። ውኃ በቀጥታ አያፍሱ። በአልኮልም የተጻፉትን ቁጥሮችና ምልክቶች አይሹ፣ ይለቃሉ።

የድንጋይ ቤቱን ይክፈቱ። አሮጌ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ፈንድቶ ከሆነ ጓንት ያድርጉ፣ ቅርፊቱን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፣ የብረት ንክኪዎቹን በአልኮል ይጥረጉ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉ። ሞላው በዝገት ተበልቶ ከተሰበረ በመብራት ያጫውቱ። ከእንግዲህም ቴፑን ሲያስቀምጡ ድንጋዩን ያውጡ። ይህን የሚዘነጋው ብዙ ነው።

5. ክዳኑን ይክፈቱና ቺንጋውን ይዩ

ስፒናው ተነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ውስጥ ያሉት በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ የመብራት ገመዱ የሚገባበትን ክፍል በጣትም በካቻቢቴም አይንኩ።

የሚፈልጉት ሞተሩን ከትልቁ ክብ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ ነው። አሮጌ ቴፕ «ሞቷል» የሚባለው በአብዛኛው በእሱ ነው። ጎማው በዕድሜ ይለጥጣል፣ ይደርቃል ወይም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ሞተሩ ሲያፏጭ እየሰሙ ካሴቱ ካልዞረ ቺንጋው ሄዷል ማለት ነው። የቀለጠውን በጥጥና በአልኮል ከብረቶቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ያንሡ። ትንሽ ቅሪት ከተወ አዲሱ ቺንጋ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል።

አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ከለጠጠ ግን መጠኑ ያታልላልና ትንሽ የሚያንሰውን ይምረጡ። ቀልጦ ከጠፋ በብረቶቹ ዙሪያ ክር አዙረው ይለኩ። የብር መያዣ ላስቲክ አያስገቡ። ለሰዓታት ይሠራ ይሆናል፤ ሆኖም ውፍረቱ ወጥ ስላልሆነ ዘፋኙን ያንቀጠቅጠዋል፣ በጥቂት ሳምንትም ይበጠሳል።

የሞባይል ጠጋኝ በየመንገዱ አለ። ለዚህ ሥራ ግን ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል። ከስፒከሩ የማያቋርጥ «ኡምምም» የሚል ድምፅ ከወጣ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ወይም ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ የእርስዎ ሥራ አልቋል፣ ወደ እሱ ይውሰዱት። ፊውዙን በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት አይተኩ፤ ቤት ያቃጥላል።

6. ሄዱን፣ ዘንጉንና ጎማውን ያጽዱ

የካሴቱን በር ይክፈቱና ወደ ውስጥ ይመልከቱ። መሐል ላይ የሚያብረቀርቀው ሄዱ ነው። ከጎኑ ቀጭን የብረት ዘንግ ቆሟል፤ ዘንጉን የምትደገፍ ትንሽ ጥቁር ጎማ አለች። ክሩን የሚጎትቱት ዘንጉና ጎማዋ ናቸው፤ የሚያነበው ሄዱ ነው። ከብዙ ካሴት የተራገፈ ቡናማ ዱቄትና ጭስ በሦስቱም ላይ ይጋገራል።

ሄዱን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይጥረጉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይቀያይሩ። ዘንጉንም እንዲሁ። ጎማዋን በውኃና በጥቂት ሳሙና ያጽዱ፤ አልኮል ቢደጋገም ያደርቃታል። ጎማዋ አብረቅርቃ እንደ መስታወት ከሆነች በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያዋን ቀስ ብለው ያሻክሩ። ከተሰነጠቀች መቀየር አለባት። በምንም ዓይነት ሄዱን በብረት አይንኩ። የተጫረ ሄድ የሚያልፍበትን ካሴት ሁሉ ይጭራል።

ድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ፣ ቴፑ ጠፍቶ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያዙሩት። አቧራው ብዙ ጊዜ በዚሁ ይለቃል።

7. በማይሳሱለት ካሴት ይሞክሩ

መጀመሪያ ያለ ካሴት ያስጀምሩት። በበሩ በኩል ሲያዩ ክሩን የሚሰበስበው ምሰሶ መዞር አለበት፤ ካሴቱ ክሩ የሚታይበት አፉ ወደ ታች ሆኖ የሚገባ ከሆነ የቀኙ፣ ወደ ላይ ሆኖ የሚገባ ከሆነ የግራው ነው። ቴፕ ካሴት የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘንጉ ክሩን እየገፋ ያስተላልፋል፣ ሰብሳቢው ምሰሶ ግን ካልሰበሰበው ክሩ መውጫ አጥቶ በጎማዋ ላይ ይጠቀለላል። ምሰሶውን በጣትዎ በትንሹ ሲይዙት ወዲያው ከቆመ ደካማ ነው፣ ወደ 5ኛው ደረጃ ተመልሰው ቺንጋዎቹን ይዩ።

ከዚያ ርካሽ ካሴት ያስገቡ። ፍጥነቱን ለማወቅ ሰዓት ይበቃል። ባለ 60 ካሴት አንድ ገጹ 30 ደቂቃ ነው፤ ትርፍ ክር ስለሚኖረው 31 ቢሆን አያስደነግጥ። 34 ከፈጀ ግን ቴፑ ዘግይቷል። 27 ላይ ካለቀ ደግሞ ፈጥኗል። በብዙ ሞተሮች ጀርባ ላይ ፍጥነት የምታስተካክል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀጭን ካቻቢቴ ገብቶ በጥቂቱ ይዞራል።

ድምፁ የታፈነ፣ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ዓይነት ከሆነና ሄዱ ንጹሕ ከሆነ፣ ከሄዱ ጎን ያለችው ብሎን ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ ሊሆን ይችላል። ካሴቱ እየተጫወተ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ ያድርጉና «ስ» እና «ሽ» በደንብ የሚሰሙበት ላይ ያቁሙ። ከዚህ በላይ አያዙሩ።

8. ካሴቱን ያክሙ

አብዛኛው ጀማሪ ለቴፑ ብቻ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚገባው ካሴቱ ነው ባይ ነኝ። ቴፕ ሌላ ይገዛል፣ ድምፁ ግን ምትክ የለውም።

እያንዳንዱን ካሴት ብርሃን ላይ ይዩ። በመስኮቱ በኩል ክሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ በክረምት እርጥበት የኖረ ካርቶን ውስጥ ያጋጥማል። አያጫውቱት፤ ሄዱን ያበላሻል፣ ወደ ሌሎቹም ይዛመታል። ለብቻው አውጥተው ፀሐይ በማይነካው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለቀናት ያድርቁት፤ ከዚያ ውጭ ሆነው በእጅ እያጠነጠኑ ክሩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። በጨርቅ አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ደህና የሚመስለውንም ቢሆን በቴፑ ከማጠንጠንዎ በፊት በእስክርቢቶ ወይም በእርሳስ ጥቂት ያዙሩት። በቀላሉ ከዞረ ጥሩ። ከከበደ ካሴቱን መዳፍዎ ላይ ጠፍጠፍ ያድርጉትና ደግመው ይሞክሩ። ለዓመታት የተጣበቀውን በሞተር ኃይል ከጎተቱት ክሩ ከጫፉ ይበጠሳል።

ከታች በኩል መሐል ላይ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋ ትንሽ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ አለች። ሙጫዋ ለቆ ከወደቀች ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። ከማይጠቅም ካሴት አንሥተው መተካት ይችላሉ። ሽፋኑ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይከፈታል፤ በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ጠርዙን በቀጭን ቢላዋ ከፍተው ሁለቱን የክር ጥቅልሎች ባለ ብሎን ባዶ ካሴት ውስጥ ያስገቡ። ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት እንጂ አልጋ ላይ አይሁን። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ተራ ስኮች አይጠቀሙ፤ ሙጫው ይፈስና ጥቅልሉን ያጣብቃል። ሌላ አማራጭ ካጡ በጣም ቀጭን አድርገው ከጀርባው ብቻ ይለጥፉ፣ አንዴ አጫውተው ይገልብጡና ያስቀምጡት።

ባለ 120 ካሴቶች ክራቸው በጣም ስስ ስለሆነ ለአሮጌ ቴፕ አደገኛ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ፣ ቴፑ ከታመነ በኋላ ይሁኑ።

ከካሴቱ ራስጌ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሁኑኑ ይስበሩ። እነሱ ከሌሉ መቅጃው አይጫንም፤ ልጅ በስሕተት የአያቱን ድምፅ አይደመስስም።

9. ሸክላ ካለዎት

በ1960ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በአምሃ ሬከርድስና በካይፋ ሬከርድስ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ ትናንሾቹ ባለ 45 ዙር ናቸው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ዓይነቶቹ ትልልቆቹ ባለ 33 ናቸው። የዙሩ ቁጥር መሐል ባለው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ትንሹን በ45 ይሞክሩ።

መርፌውን ሳያምኑ አያጫውቱ። የአልማዝ መርፌ እንኳ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ነው ዕድሜው፤ ያለቀ መርፌ ሸክላውን እየፋቀ ይሄዳል። እጀታው ላይ ሳንቲም መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፣ ይተዉት። መርፌው የሚዘለው ሸክላው ስለቆሸሸ፣ ማጫወቻው ስላዘነበለ ወይም መርፌው ስላለቀ ነው። ሸክላውን ለብ ባለ ውኃና በሁለት ጠብታ ሳሙና በክብ አቅጣጫ ይጠቡ፣ የመሐሉን ወረቀት አያርጥቡ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ አቁመው ያስቀምጡ። አስተኝተው ከደራረቡት ይጣመማል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማጫወቻ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ሞተሮች በኸርዝ የሚመሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራው በእኛ 50 ላይ 33 መዞር ሲገባው 28 ገደማ ይዞራል። ዘፋኙ ጎርናና ቢሆን አይገረሙ። ባለ ዲሲ ሞተር ይህ ችግር የለበትም።

የእነዚያን ዓመታት ሸክላዎች የውጭ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይገዛሉ። ሰው በር ላይ መጥቶ ጥቅሉን በጥቂት ብር ቢጠይቅዎ አይቸኩሉ።

10. ስፒከር

ከጀርባው ብዙ ጊዜ 4 ወይም 8 ኦም ይላል። ማጉያው ከሚጠይቀው ያነሰ ኦም አያገናኙ፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር። የወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ ከረገፈ መቀየር አለበት፤ ሙጫ አይቀቡት።

11. ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ

ቴፑ ደህና ሲሆን የመጀመሪያ ሥራው ይህ ይሁን። ካሴት በተጫወተ ቁጥር ያልቃል።

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማስገቢያ የሚሄድ፣ ሁለቱም ጫፉ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ገመድ ይግዙ። ላፕቶፕዎ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ማስገቢያ ያስፈልግዎታል፤ የማይክሮፎን መስመር ብቻ ያለውን ሳይሆን «ላይን ኢን» ያለውን ይጠይቁ። ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ነው።

የቴፑን ድምፅ ግማሽ ላይ ያድርጉ፣ ጉሸማና ማቅጠኛውን (ቤዝና ትሬብል) መሐል ላይ። ካሴቱን እያጫወቱ መለኪያውን ይዩ፤ ከፍተኛው ቦታ ላይ ቀይ ከነካ ይቀንሱ። ዝቅ ብሎ የተቀዳ በኋላ ይጎላል፣ ተሰንጥቆ የተቀዳ ግን አይድንም። በዌቭ ያስቀምጡ። አንድ ደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል፣ ባለ 60 ካሴት ከ600 ሜጋባይት ጥቂት ይበልጣል። ለዘመድ በቴሌግራም የሚልኩትን ከዚያ በኋላ ወደ ኤምፒ3 ይቀይሩ። የጩኸት ማጥፊያውን አይቸኩሉበት፤ ሹክሹክታውን ሲያጠፋ የሰውየውንም ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል። ያልተነካውን ቅጂ ሁልጊዜ ያኑሩ።

ኮምፒውተር በማይገኝበት መንደር ከሆኑ ስልክዎን ስፒከሩ ፊት አድርገው ይቅዱት። ጥራቱ ይወርዳል። ቢሆንም ሽማግሌው የተናገሩት ቃል ይሰማል፣ ለዛሬ ይበቃል፤ የተሻለውን በሌላ ጊዜ ይደግሙታል።

ፋይሉን ሲሰይሙ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና የሚያውቁትን ዓመት ይጻፉ። የካሴቱን ሽፋንና በእጅ የተጻፈውን ፎቶ አንሥተው እዚያው ማኅደር ውስጥ ያስገቡ። ድምፁን የሚለዩ አዛውንት ካሉ አብረዋቸው ያዳምጡና ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚያጨበጭብ ደቂቃውን እየጠቀሱ ይመዝግቡ። አንዱን ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ ሌላውን በተለየ ዲስክ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ባለ የቤተሰብ አባል ዘንድ ያስቀምጡ። ካሴቶቹን አይጣሉ፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት፣ ከስፒከር ማግኔትና ከምድጃ አርቀው፣ አቁመው፣ አዲስ ጫማ ውስጥ የምትመጣዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ካርቶኑ ውስጥ ጨምረው ያኑሯቸው።